ጩኸቱ እዚህ፣ ሞላው እዚያ

ከፀሐይ በታች ፊቱ የማይናወጥ ሰው አንድ ብቻ ነው ቢባል፣ ያ ሰው ሶፋ ሠሪው ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ቢኖርም የሚጠራበት የለም፤ አብሮት የሚሠራው አናጢ አንድ ቀን «ውሃ ልክ» ካለው ወዲህ ጎረቤቱም ደንበኛውም ውሃ ልክ ነው የሚለው። ውሃ ልክ ማለት ያቺ አናጢዎች እንጨት ላይ አጋድመው ቀጥ ማለቱን የሚያዩባት፣ ሆዷ ውስጥ አረፋ ያለባት መሣሪያ ናት። የሰውየውም ፊት እንደዚያው ነው፤ አረፋው ከመሃል ንቅንቅ አይልም። ቀልድ ቢነገር፣ ጣሪያ ቢነሳ፣ የሰርከስ አንበሳ አምልጦ በሱቁ በር ቢያልፍ ያው ነው።

አንድ ጊዜ አናጢው ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ የሶፋ ፍሬም፣ ያውም ዝሆን ቢጋደምበት እሰየው የሚል ፍሬም፣ ከእጁ አመለጠውና የውሃ ልክ እግር ላይ አረፈ። አናጢው ጮኸ። ጎረቤት ያለው፣ ቆርቆሮ ሲቀጠቀጥ የሚውልበት ቆርቆሮ ቤት ጮኸ። መንገድ ዳር የቆመች መኪና ሳትቀር በራሷ ጊዜ ጮኸች ይባላል። ውሃ ልክ ግን ጎንበስ ብሎ እግሩን አየና «ደም አለ» አለ። ከዚያ ወደ እህቱ ዞረ።

«እትዬ፣ ያመኛል እንዴ?»

«ያምሃል እንጂ! በጣም ነው የሚያምህ!»

«እሺ» አለና ተቀመጠ።

እህትየው የሶፋ ቤቱ የበላይ ናት። አባታቸው ሱቁን ለሁለቱም ነው የተወላቸው፤ እሷ ደንበኛውንና ገበያውን ያዘች፣ እሱ ጥምዝምዙን የሶፋ ሽቦ ሞላና ስፖንጁን። ፈጣሪ ድምጿን የሰጣት ለአንድ ሙሉ ከተማ አስቦ ሳይሆን አይቀርም፤ ስታስነጥስ ሦስት ሰፈር «ይማርሽ» ይላል። ከሱቁ ሥራ በላይ ግን ሌላ ትልቅ ሹመት አላት፤ የወንድሟ ስሜት ቃል አቀባይ ናት። ከልጅነቱ ጀምሮ ፊቱን ትታ ሌላ ሌላውን እያየች ታነበዋለች። ጣቶቹን ማፍተልተል ሲጀምር «ተጨንቀሃል፣ ውጣና ነፋስ ተቀበል» ትለዋለች። መዶሻውን ጠበቅ አድርጎ ከያዘ «ተናደሃል»። አንዲቱን ዜማ እየደጋገመ በጉሮሮው ካንጎራጎረ ደግሞ «ደስ ብሎሃል፣ ወንድምዬ»። እሱም «እሺ» ይላል። መራቡን እንኳ የሚያውቀው እሷ ሳህኑን ፊቱ ስታስቀምጥ ነው።

ጢም ካበቀለ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ነበረች፤ ብዙ ጠየቀችው፣ ከዚያም የበለጠ አዳመጠችው፣ በመጨረሻም ኦቲዝም እንዳለው ነገረችው። ጫጫታ ሲበዛ ለምን የጆሮ ማፈኛ እንደሚያደርግ፣ ከፋይ ጨርቅ ሲነካ ለምን ጥርሱ ድረስ እንደሚነዝረው፣ ሰው ዓይን ዓይኑን ሲያየው ለምን ቃል እንደሚጠፋበት፣ ይህ ሁሉ በዚያ ቀን ስም አገኘ።

«አንድ ሌላም ነገር አለ» አለች ሐኪሟ። «ኦቲዝም ያለው ሰው ሁሉ እንዲህ ነው ማለት አይደለም፤ አንተ ላይ ግን አየዋለሁ። ስሜት የለውም የሚሉህን አትስማ። አለህ፤ ሞልቶሃል። ግን ስሙን ሳይናገር ነው ወደ ቤት የሚገባው።»

«ታዲያ ማን እንደገባ በምን አውቃለሁ?»

«ቀስ እያልክ ትለምደዋለህ። የራስህን መንገድ ታገኛለህ።»

እህትየው ከሐኪም ቤት ስትወጣ ያለቀሰችው ለቅሶ ድልድይ ያልወሰደው በእግዜር ጥበቃ ነው። ውሃ ልክ መሐረቡን ሰጣትና «እትዬ፣ አንቺ ቤት ደግሞ ማን ገባ?» አላት።

አራተኛዋ የሱቁ ሰው ሰፊዋ ናት። የሶፋ ልብስ ትሰፋለች፣ ከስፌት መኪናዋ ጋር ስትጣላና ስትታረቅ ትውላለች፣ ስትስቅ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። የስፌቷን ቀጥ ማለት ያየ ሰው የባቡር ሐዲድ ጠማማ ይመስለዋል። ክሮቿን በቀለም በቀለማቸው የሚደረድርላት ውሃ ልክ ነው፤ ሌላ ሰው ከነካቸው ሱቁ ውስጥ ጦርነት ይታወጃል።

በዚያ ቤት አባትየው ያቆሙት አንድ ሕግ አለ። ማንኛውም ሶፋ ከበር ከመውጣቱ በፊት ሁለት ሰው ይቀመጥበታል፤ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ድረስ፣ ያለ ወሬ። ሶፋ እንዲናገር ሰው ዝም ማለት አለበት። ሲጢጥ ካለ ወይም ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ተመልሶ ይከፈታል። እህትየው ዝም ማለት ስለማይሆንላት፣ አናጢውም ሻዩ ሳይጋመስ ማንኮራፋት ስለሚጀምር፣ ፈተናው የውሃ ልክና የሰፊዋ ሥራ ሆነ። ያቺ ሳቂታ በዚያች ሰዓት ጸጥ ትላለች። ዓይኑንም አታየውም፤ ሁለቱም ሻያቸውን ይዘው ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ያያሉ። እስከ ዛሬ አብረው የፈተኑት ሶፋ ቢደረደር የዓለም ሕዝብ ቁጭ ብሎ ቦታ ይተርፋል።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቆመች። መኪናዋ እስከ ዛሬ በራሷ ፈቃድ ካልሆነ በቀር ቆማ ስለማታውቅ ሁሉም ቀና አለ።

«አክስቴ ሌላ ከተማ መጋረጃ ቤት ከፍታለች» አለች። «ነይ አብረን እንሥራ ብላኛለች። የቅዳሜ አውቶቡስ ቲኬት ቆርጣልኛለች።»

አናጢው መጋዙን እንጨቱ ውስጥ እንደተሰካ ተወው። እህትየው ግን ትንፋሽ እንኳ አልወሰደችም።

«ወንድሜ በጣም አዝኗል! ጣቱን አየሽው? ልቡ እኮ ነው የተሰበረው!»

«እትዬ፣ በናትሽ» አለች ሰፊዋ። «አንድ ጊዜ እንኳ እሱ ይናገር።»

እህትየው አፏን ገጥማ የቆመችበት የዚያን ያህል ረጅም ጊዜ በሰው ልጅ ታሪክ አልተመዘገበም። ሁሉም ወደ ውሃ ልክ ዞሩ። እሱ ወደ ክሮቹ አየ።

«ግራጫው ሊያልቅ ነው» አለ።

ሰፊዋ ፈገግ አለች፤ መስታወት የሚያንቀጠቅጠው ዓይነት ግን አልነበረም።

«ልክ ነህ፣ ሊያልቅ ነው። አሁን ስማኝ። እዚህ ብቀር የምቀረው ለስፌቱ ብዬ አይደለም። ይህን ካላወቅክ ዛሬ እወቀው። ቅዳሜ ጠዋት መቀሴን ልወስድ ብቅ እላለሁ። እንድቀር ከፈለግክ ያኔ ንገረኝ፤ ከራስህ አፍ። በእትዬ በኩል ከመጣ አልቀበልም።»

«መፈለጌን ባላውቅስ?»

«አላወቅሁም በለኝ። ሞክረህ ግን በለኝ፤ ሳትሞክር እንዳትለኝ።»

በምሳ ሰዓት ውሃ ልክ ከአናጢው አጠገብ ተቀመጠ። አናጢው ሦስት ጊዜ አግብቶ ሦስቴም ከቤት የተባረረ ሰው ስለሆነ በፍቅር ጉዳይ ከእኔ ወዲያ ላሳር ይላል።

«ጋሼ፣ ሰው አንዷን መፈለጉን በምን ያውቃል?»

«ኧረ ይሄማ የሕፃን ጥያቄ ነው!» አናጢው ዳቦውን እንደ ዱላ አነሳ። «ልብህ ድው ድው ይላል። አንጀትህ ይንሰፈሰፋል።»

«አንጀት ሲሉ ቀጭኑን ነው ወፍራሙን?»

አናጢው ማኘኩን አቆመ። «ሁሉንም ነዋ! ምን ዓይነት ሰው ነህ? እግርህ መሬት አይነካም። እንቅልፍ በዓይንህ አይዞርም። ስሟ ሲጠራ ጆሮህ ውስጥ ደወል ይደወላል። እኔ እንኳ ለሁለተኛዋ ሚስቴ ስል ግድግዳ ዘልዬ ወርጃለሁ፤ ግድግዳው ዛሬም ድረስ ጉድ እንዳለ ነው።»

ውሃ ልክ እግሩን አየ፤ መሬት ነክቷል። መዳፉን ደረቱ ላይ አሳረፈ፤ ልቡ እንደ ወትሮው ሳትፈጥን ሳትዘገይ ሥራዋን ትሠራለች። ለደወሉም ጆሮውን ሰጠ፤ ከቆርቆሮ ቤቱ መዶሻ በቀር ምንም የለም።

«እንግዲያው የለብኝም» አለ።

«እንግዲያማ የለብህም» አለ አናጢው፣ ዳቦውን እያየ። ለራሱም ግን ደስ አላለውም።

ማታ ከእህቱ ጋር ቤት ሲገቡ ውሃ ልክን ሆዱን ጀመረው። ሆዱ የቆየ ጣጣው ነው። ደህና ከርሞ ከርሞ ድንገት ከእምብርቱ ከፍ ብሎ ቡጢ የሚያህል ነገር ጭብጥ ያደርገዋል። ለዚህ ነጩን የጨጓራ ሽሮፕ ይጠጣል፤ እስከ ዛሬ የጠጣው ቢጠራቀም መርከብ ያንሳፍፋል፣ መድኃኒት ቤቱም በእሱ ገንዘብ ሁለተኛ ፎቅ ሠርቷል። ያን ምሽትም ሁለት ማንኪያ ጠጣና ተኛ። ቡጢው አብሮት ተኛ።

አርብ ጠዋት አንዲት ደንበኛ ሶፋዋን በጋሪ አስጭና መጣች።

«እዚህ ጋ ነው ሲጢጥ የሚለው» አለች፣ የቀኙን መደገፊያ በጡጫ እየመታች። «ባሌ ቁጭ ባለ ቁጥር እንደ ድመት ይጮኻል። ባሌ አይደለም፣ ሶፋው።»

ውሃ ልክ ቀኙን አልከፈተም። አባቱ ያስተማሩት ሥራ እንዲህ ነው፦ አንዱን መዳፍ ከላይ፣ አንዱን ከሥር አድርገህ ዓይንህን ጨፍን። ከላይ አንድ በአንድ ተጫን። የታችኛው እጅህ የነዘረው ቦታ ላይ ቁም። ሶፋ አታላይ ነው፤ ጩኸቱ እዚህ ይሰማል፣ ሞላው እዚያ ላልቷል። እየተጫነ ሄደ። ቀኝ፣ ምንም። መሃል፣ ምንም። ከግራው ጥግ ከኋላ በኩል ሲደርስ የታችኛው መዳፉ ብርር አለ።

«እዚህ ነው።»

«እኔ እኮ በጆሮዬ ነው የሰማሁት!»

«የሰሙት ጩኸቱን ነው» አለና እጁ ሶፋው ውስጥ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ደንበኛዋ እጁ የተያዘ መስሏት ልትጎትተው ነበር።

ጋሼ አናጢው ያሳዩት ጩኸቱን ነው። ልብ፣ እግር፣ ደወል። ሞላውን የተጫነው ግን የለም።

«እትዬ!» አለ። «ምሳ ሰዓት መጋዘን እንግባ። ትጫኚኛለሽ።»

«ምን አደርግሃለሁ?»

«እንደ ሶፋ ትጫኚኛለሽ።»

መጋዘኑ በስፖንጅ ታጭቋል፤ ዓለም ተገልብጣ ብትወድቅ እዚያ ውስጥ ማንም አይሰማም። ውሃ ልክ ተቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ።

«በቃል ነው የምትጫኚኝ። አንድ አንድ ነገር በይ፤ ውሸትም ይሁን። የት እንደነዘረኝ እነግርሻለሁ። ግን ስሙን አትንገሪኝ። አዝነሃል፣ ተናደሃል ብሎ ነገር የለም። ዛሬ የምዳስሰው ራሴ ነኝ።»

ይህን ለእህትየው መናገር ፏፏቴን ሽቅብ ውጣ እንደማለት ነው። ቢሆንም ምራቋን ዋጠችና «እሺ» አለች።

«ዳቦ አልቋል።»

«ምንም።»

«ሻይ ቤቱ ከዛሬ ጀምሮ ተዘግቷል።»

«መንጋጋዬ። ትንሽ።»

«ቆርቆሮ ቤቱ የባሰ የሚጮኽ ማሽን ሊያስገባ ነው።»

«ትከሻዬ። ሁለቱም። እውነት ነው?»

«ውሸቴን ነው።»

«ለቀቀኝ።»

«ጋሼ አናጢው ሥራ ለቅቆ ሄደ።»

«ጉሮሮዬ» አለና ገረመው። «እሳቸውም አሉ ለካ።»

እህትየው ጨዋታው ጣማት። «እኔ ሞትኩ» አለች።

ውሃ ልክ ዓይኑን ቦግ አደረገ። «እትዬ!»

«ምን? የት ነው?»

«ሁሉም ቦታ። ይህን እንዳትደግሚው።»

ከንፈሯን ነከሰች። እንባዋ መጣ፣ በመዳፏ ጠረገችው፣ ስሙን ግን አልተናገረችም። ከዚያ ያ ከተማ የሚያናውጥ ድምጿ ወደ ሹክሹክታ ወረደ።

«ሰፊዋ መቀሷን ይዛ ሄደች።»

ውሃ ልክ መዳፉን ከደረቱ ወደ ታች እያንሸራተተ ፈለገ።

«ሆዴ» አለ። «ከእምብርቴ ከፍ ብሎ። ያ ቡጢው።»

እጁ እንደ ልማዱ ኪሱ ገብቶ የሽሮፑን ጠርሙስ አወጣ። ክዳኑን ከፈተ። ሊጠጣ ከንፈሩ ላይ አድርሶ ቆመ።

«ቀረች በይ እስቲ።»

«ቀረች።»

«ለቀቀኝ። ሄደች በይ።»

«ሄደች።»

«ያዘኝ። ቀረች በይ።»

«ቀረች!»

«ለቀቀኝ።» ጠርሙሱን እንደ እንግዳ ዕቃ አገላብጦ አየው። «እትዬ፣ ሆዴን መጀመሪያ የያዘኝ መቼ ነበር?»

«መጀመሪያ…» አሰበች። «እህቷ ወልዳ ልትጠይቃት ሄዳ የከረመች ጊዜ።»

«ከዚያስ?»

«ጉንፋን ይዟት የተኛች ጊዜ።»

«ጤነኛ የነበርኩትስ?»

«ሌላውን ጊዜ ሁሉ» አለች እህትየው፤ ራሷም ገና አሁን ነበር የገባት። የስንቱን ፊት የምታነብ ሴት፣ ወንድሟ ሽሮፕ በጠጣ ቁጥር «ቅባት ቀንስ» ስትለው ኖራለች!

ውሃ ልክ ክዳኑን መልሶ ጠበቅ አደረገው።

«እኔ ጨጓራ የለብኝም» አለ።

እህትየው ሁለት እጇን አፏ ላይ ከመረች። ፊቷ ቲማቲም መሰለ፣ የአንገቷ ሥር ተገተረ፣ ቃሏ ጉሮሮዋ ላይ እንደ በሬ ተጋፋ። አልለቀቀችውም። እንዲህ ያለ ጀግንነት በየትም የጦር ሜዳ አልታየ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰፊዋ ሻንጣዋን አንጠልጥላ መጣች። ልብሷ የመንገድ ልብስ ነው። እህትየውና አናጢው «ሙጫ እንይ» ብለው ወደ መጋዘን ገቡ፤ ሁለት ሰው ሙጫ ለማየት ሲሯሯጥ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። ሰፊዋ መቀሷን ከጠረጴዛው አነሳች።

«ፈተና ይቀራል» አለ ውሃ ልክ። የደንበኛዋ ሶፋ ተሠርቶ መሃል ወለሉ ላይ ቆሟል፤ ሁለት ብርጭቆ ሻይም ተቀድቷል።

እሷ ሰዓቷን አየች፣ እሱን አየች፣ ተቀመጠች። እሱም ተቀመጠ። ግድግዳውን ማየት ጀመሩ። ሻዩ ጎደለ። የሱቁ ምስማር ሁሉ ትንፋሹን ይዞ የሚጠብቅ ይመስላል። ብርጭቆዋ ሊጋመስ ሲል ውሃ ልክ፣ አባቱ ያቆሙትን ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣሰ።

«ልናገር ነው» አለ፣ ለግድግዳው።

«ተናገር» አለች፣ እሷም ለግድግዳው።

«ጋሼ የነገሩኝ ምልክት የለብኝም። እግሬ መሬት ይነካል። ደወልም አልሰማሁም። ግን አንቺ ስትሄጂ ሆዴን እዚህ ጋ ይይዘኛል፣ ስትመጪ ይለቀኛል። እህትሽ ስትወልድም፣ ጉንፋን ሲይዝሽም። ጨጓራ መስሎኝ ነበር።» ጠርሙሱን ከኪሱ አውጥቶ በሁለቱ መሃል ሶፋው ላይ አስቀመጠው። «ይህን ስጠጣ ነበር። ሰዎች የሚሉትን ቃል አልልሽም፤ ያ መሆኑን ገና አላረጋገጥኩም። እንድትቀሪ እፈልጋለሁ። እሱን ግን አረጋግጫለሁ። ተጭኜ አይቼዋለሁ። ከራሴ አፍ ነው፣ እትዬ አንዲት ቃል አልጨመረችም።»

ከመጋዘኑ በር ጀርባ እንደሚፈላ ማንቆርቆሪያ ያለ ድምፅ ተሰማ። የአናጢው መዳፍ የእህትየው አፍ ላይ ነበር።

ሰፊዋ ጠርሙሱን አንስታ ወደ ብርሃን ያዘችው። ግማሽ ነው።

«ስንት ጠርሙስ ጨርሰሃል?»

«ብዙ።»

«ለእኔ ብለህ?»

«ለጨጓራ ብዬ።»

ያን ጊዜ ሳቀች። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፣ ሻዩ ጉልበቷ ላይ ፈሰሰ፣ ቆርቆሮ ቤቱ እንኳ መዶሻውን አቆመ። «ሰው አበባ ይመጣላታል» አለች፣ ዓይኗን በመዳፏ እየጠረገች፣ «ሰው ግጥም ይጻፍላታል። እኔ ሽሮፕ ተጠጣልኝ!» ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ በረደ። «አሁንስ የት ነው?»

ውሃ ልክ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ዳሰሰ። «ጉልበቴ። ይንቀጠቀጣል። ይሄኛው አዲስ ነው።»

«የኔም» አለች።

ሁለት የሚንቀጠቀጥ ጉልበት አንድ ሶፋ ላይ ሲገናኝ፣ ከሥራቸው በግልጽ «ሲጢጥ» የሚል ድምፅ ወጣ።

ሁለቱም ቀጥ አሉ። ውሃ ልክ የሠራው ሶፋ ፈተና ሲወድቅ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ አርብ ከሰዓት እጁ ሶፋው ላይ ነበር እንጂ ልቡ የት እንደነበረ እንግዲህ የታወቀ ነው።

«አላለፈም» አለ።

«አላለፈም» አለች። «ሊከፈት ነው። ልብሱም ሊፈታ ነው።»

«ይፈታል።»

«ማን ይሰፋዋል?»

«አንቺ» አለ ውሃ ልክ፤ ግድግዳውን ትቶ ለአንድ አፍታ ዓይኗን አየና መልሶ ወደ ግድግዳው።

ሰፊዋ ሻንጣዋን አነሳችና ከበሩ ጀርባ፣ የሁልጊዜ ቦርሳዋ የሚንጠለጠልበት ምስማር ላይ ሰቀለችው። ሻንጣው ለምስማሩ ይከብደው ነበር፤ ቻለው። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ መልሳ ስልኳን አወጣች። «አክስቴ ትጮኻለች» አለች፣ ቁጥሩን እየነካች። «ትጩኽ። መጋረጃ ቀጥ ያለ ነገር ነው፣ ማንም ይሰፋዋል።»

በዚህ ጊዜ የመጋዘኑ በር ተበርግዶ እህትየው ስፖንጅ ፀጉሯ ላይ እንደተጣበቀ ብቅ አለች። አናጢው የተነከሰ መዳፉን እያራገበ ከኋላዋ ነው። ከአርብ ጀምሮ የታፈነ ቃል እንደ ግድብ ውሃ ወጣ።

«ደስ ብሎሃል! ወንድምዬ! በጣም ነው ደስ ያለህ!»

ውሃ ልክ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ አንድ መዳፉን ከሶፋው በላይ፣ አንዱን ከሥር አድርጎ ዓይኑን ጨፍኗል። በጉሮሮው ያቺን አንዲት ዜማ እያንጎራጎረ ነው። ድምፁን ራሱም ሰማውና ጆሮውን ቀሰረ፤ ከየት እንደሚመጣ እንደሚፈልግ ሰው።

«ቆይ እትዬ» አለ፣ «ገና እየዳሰስኩ ነው።»